ፊቱን የማያዞር ነፋስ

ሎያንጋላኒ፣ ሰሜን ኬንያ

ሾፌራችን የሞያሌ ሰው ነው። ቱርካና ሐይቅ ዳር መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፋ «ወንድሜ፣ በሩን በሁለት እጅህ ይዘህ ክፈት» አለኝ። እንዳለኝ ባደርግም ነፋሱ በሩን ሊነጥቀኝ ታገለኝ። ደረት ገፍቶ እንደሚያስቆም ሰው ያለ ነፋስ ነው።

ከአንድ ጎጆ አጠገብ ቆሜ አየሁ። የተደፋ ቅርጫት ይመስላል፤ ግድግዳው የት አልቆ ጣሪያው የት እንደሚጀምር አይለይም። በዘንባባ ቅጠል ተሸፍኖ በገመድ ተጠፍንጓል፤ ዙሪያውን ጥቁር ድንጋይ ተጭኖታል። በሩ ወደ ሐይቁ፣ ወደ ምዕራብ ነው።

ነፋሱ ሌሊቱን ከኩላል ተራራ በኩል ሲያጓራ አደረ። ጋብ ያለው ከቀትር በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ነፋስ ከየት ይመጣል? በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ አየሩን አሙቃ ታነሳዋለች። የተነሳውን ለመተካት ከ30 ዲግሪ ሰሜንና ደቡብ ገደማ አየር ወደዚያው ይጎርፋል፤ የምድር መሽከርከር ደግሞ መንገዱን ያጣምምበታል። ትምህርት ቤት «የንግድ ነፋስ» ብለን የተማርነው ይህ ነው። ባሕርና ተራራ ግን ይህን ሥርዓት በየአገሩ ይለውጡታል። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ነፋሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይገለበጣል፤ ስዋሂሊዎች ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣውን ካስካዚ፣ ከደቡብ የሚመጣውን ኩሲ ይሉታል። የዓረብ ጀልባዎች በካስካዚ መጥተው በኩሲ ይመለሱ ነበር። እኛም አገር በበጋ ከምሥራቅ የሚነፍሰው፣ ክረምት ሲገባ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ዝናብ ይዞ ይመጣል።

ቱርካና ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ከደቡብ ምሥራቅ ነው። በሰሜን የኢትዮጵያ ደጋ፣ በደቡብ የኬንያ ከፍታ ቆመዋል፤ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው አየር በመካከላቸው ባለው ቆላ ሲያልፍ፣ ጠባብ ገደል ውስጥ እንደገባ ወንዝ ይጣደፋል። ኪኑቲያና አስናኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ስለዚህ ነፋስ ጽፈዋል።

ያሳዘነኝ ድርቀቱ ነው። እርጥበት ተሸክሞ በላያቸው የሚያልፍ ነፋስ ለአካባቢው እረኞች ብዙም ዝናብ አያወርድላቸውም፤ አየሩ ከፍ ብሎ ደመና ሳይሠራ ወደ ምዕራብ ይከንፋል። ሐይቁን በአብዛኛው የሚሞላው የእኛው ኦሞ ነው። ነፋሱን የሚያጣድፈውም፣ ውኃውን የሚልከውም ያው ደጋችን መሆኑን እዚህ ቆሜ ነው ልብ ያልኩት።

በመጣንበት መንገድ፣ ሳሪማ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመረቀው የነፋስ ኃይል ማመንጫ አለ። 365 ተርባይኖች፣ 310 ሜጋዋት። በአጠገባቸው ስናልፍ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙረው ነበር።

ወደዚህ የምትመጡ ከሆነ የድንኳናችሁን በር ወደ ሰሜን ምዕራብ አድርጋችሁ ትከሉ፤ ካስማውንም በድንጋይ አጥብቁት።