የተከፋፈለው ምስል

ተማሪዎች ሆይ፣ አንድ ኩራዝ በዙሪያው ለተቀመጡት ሁሉ እንደሚያበራ ታውቃላችሁ። አንድ የቴሌቪዥን ሥርጭትስ በአንድ ጊዜ በብዙ ክፍሎች ሊታይ ይችላልን?

ሚያዝያ 24 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ሜይዌዘርና ፓኪያዎ በላስ ቬጋስ ከተማ በቡጢ በተጋጠሙበት ምሽት፣ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ በወንድሜ ቤት እንግዳ ነበርሁ። ግጥሚያው የሚታየው ለብቻው ዋጋ ለከፈለ ሰው ነበር። በወንድሜ ቤትም የተከፈለበትን ሥርጭት የሚቀበለው ሳሎን ያለው መቀበያ ብቻ ነበር። አባታችን ደግሞ እግራቸውን ስለ ታመሙ ከፎቅ መውረድ አልቻሉም።

ስለዚህ ወንድሜ ከመቀበያው የሚወጣውን ገመድ ከአንዲት ትንሽ ማከፋፈያ ጋር አገናኘ። ከማከፋፈያዋም አንዱን ገመድ ወደ ሳሎኑ፣ ሁለተኛውን ወደ ልጆቹ ክፍል፣ ሦስተኛውን ወደ አባታችን ክፍል ዘረጋ። በሦስቱም ቴሌቪዥኖች ያው ምስል ምንም ሳይደበዝዝ ታየ። እኛም «አባባ ምንም አልጎደለባቸው» ብለን ተደሰትን።

በአራተኛው ዙር ፓኪያዎ በግራ እጁ ብርቱ ምት አሳረፈ። ወዲያው የአባታችን ድምፅ ከላይ ተሰማ፤ «ልጆች፣ አያችሁት?» የሚመልስላቸው ሰው በአጠገባቸው አልነበረም።

እርስ በርሳችን ተያይተን አፈርን። ሁላችንም ተነሥተን ወደ ላይ ወጣን፤ የቀረውንም እስከ 12ኛው ዙር ድረስ በአልጋቸው ዙሪያ ሆነን ተመለከትን። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለሜይዌዘር ፈረዱ፤ አባታችን ግን ፍርዱን እስኪተኙ ድረስ ሲሟገቱት አመሹ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ምስልን ገመድ ያደርሰዋል፤ «አዎን፣ አየን» የሚል ሰው ግን በእግሩ ይሄዳል እንጂ በገመድ አይላክም።