ምሶሶና ትንሿ መኪና

«ቁመት ጸጋ ነው» ያለው ሰው ማን እንደሆነ ባናውቅም አንድ ነገር ግን እርግጠኞች ነን፤ አንድ ሜትር ከዘጠና ስድስት የሚለካ ጓደኛ አልነበረውም። እኛ አለን። ስሙን ተዉት፣ እኛ «ምሶሶ» ነው የምንለው። አዲስ አበባ ሳለን ሚኒባስ ላይ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው!» ሲል፣ ምሶሶ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበቱን አገጩ ሥር ወሽቆ ቁጭ ይላል። «ትችለዋለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም። የታክሲ ሕግ ግልጽ ነው፤ ካልገባህ ትታጠፋለህ!

እናላችሁ፣ ይሄው ሰው ዛሬ ከእኛ ጋር እንግሊዝ አገር ነው የሚኖረው። ደመወዝ ሲገባ መጀመሪያ የእናቱ ነው፣ ቀጥሎ የታናሽ እህቱ የኮሌጅ ክፍያ፣ ከዚያ ሰርጉ፣ ለቅሶው፣ ተዝካሩ... የተረፈችውን እያጠራቀመ አራት ዓመት ቆየ። ዘንድሮ ታዲያ «ለራሴ አንድ ነገር ልገዛ ነው» አለን። ደስ አለን። ምን እንደሆነ ስንሰማ ግን ተያየን። ሰውዬው ከስንት መኪና መሀል የመረጠው የጫማ ሳጥን የምታህለዋን ነው!

ኪት ካር ትባላለች። ለማታውቋት በአጭሩ እናስተዋውቃችሁ። ሻንሲው፣ ቦዲው፣ መሪው፣ ብሎኑ ሳይቀር በካርቶን ተደርጎ ይመጣላችኋል፤ ጋራዣችሁ ውስጥ ራሳችሁ ትገጣጥሙታላችሁ። የዘሩ አባት ሎተስ ሰቨን ነው፤ ኮሊን ቻፕማን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በፈረንጆቹ 1957 ያወጣው። በዚያ ዘመን ተገጥሞ ያለቀ መኪና የሚገዛ ሰው የግዢ ታክስ ይከፍላል፤ ዕቃውን በትኑ የገዛ ግን አይከፍልም። ታክስ ለመሸሽ ሲል ስንቱ እንግሊዛዊ መካኒክ እንደሆነ አስቡት! የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ መስጠት ስለማይፈቀድ የመፍቻ መመሪያ ይሰጡ ነበር፤ ገዢው ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው እያነበበ ይገጥም ነበር ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል። በ1973 ያ ታክስ ቀርቶ ቫት ሲተካው ቀዳዳው ተደፈነ። በዚያው ዓመት ሰቨንን የመሥራት መብት ወደ ኬተራም ተላለፈ፤ ኬተራም እስካሁን ይሠራታል። 170 የምትባለዋ ስፋቷ 1.47 ሜትር ብቻ ነው። ምሶሶ ሁለት እጁን ቢዘረጋ ከዚህም ከዚያም ይተርፋል።

የረጅም ሰው የመጀመሪያ ስህተት ቆሞ መለካት ነው። መኪና ቆሞ የሚነዳ ማን አለ? ግድግዳ ተደግፋችሁ ወለል ላይ ተቀመጡና ከመቀመጫ እስከ አናት ለኩ። ቁመታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሰዎች አንዱ በእግሩ፣ ሌላው ከወገቡ በላይ ይረዝማል። እግር ይታጠፋል፤ ጀርባ ግን ወዴት ይሄዳል? ምሶሶን ሳሎናችን ውስጥ ስንለካው ርዝመቱ ከወገብ በላይ ሆኖ አገኘነው። «ይሄ ደግ ምልክት አይደለም» አልነው። «ሳታዩ አታሟርቱ!» ብሎ ዘጋን።

ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ሄድን። ሻጩ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ለራሳቸው ጀምረዋት ወገባቸው እምቢ ስላለ ግማሽ ላይ ቆማለች። ሞተር የላትም፣ ካምቢዮዋ መሬት ላይ ነው። ወንበሯ፣ መሪዋና ከወንበሩ ኋላ የሚቆመው የብረት ቅስት (ሮል ባር ይሉታል) ግን ተገጥመዋል። ሽማግሌው ምሶሶን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ምንም ሳይናገሩ ሻይ ሊያፈሉ ገቡ።

መግባቱ ራሱ ጥበብ አለው። በር የላትም። መሪው ተፈትቶ ይወጣል፤ ወንበሩ ላይ ትቆማለህ፤ ከዚያ ካልሲ ውስጥ እንደሚገባ እግር ቀስ እያልክ ክሩስኮቱ ሥር ትንሸራተታለህ። ምሶሶ ገባ! አጨበጨብን። ከዚያ ዝርዝሩ መጣ። 46 ቁጥር ጫማው ፍሬኑንና ነዳጅ መስጫውን እኩል ረገጠ። «ቀጭን ጫማ እገዛለሁ።» መሪው ተመልሶ ሲገጠም ጉልበቱን ነካው። «አነስ ያለ መሪ አለ።» የቀኝ ክርኑ ውጭ ቀረ። «አየር ያገኛል!» ዓይኑ ከፊት መስታወቱ ጠርዝ ጋር እኩል ሆነ፤ መንገዱን ለማየት ወይ ማጎንበስ ወይ መንጠራራት ነው። «እለምደዋለሁ።» ለሁሉም መልስ ነበረው። ሚኒባስ ያሳደገው ሰው ነዋ!

የቀረው ጭንቅላቱ ነበር። መኪናዋ የብረት ጣሪያ የላትም። ብትገለበጥ በአስፋልቱና በአናትህ መሀል የሚቆመው ያ ቅስት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ከቅስቱ አናት እስከ መኪናዋ የፊት አካል ይዘረጋል፤ ሄልሜት ያደረገ ጭንቅላት ከዚያ መስመር በታች፣ እንዲያውም 5 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ቢል ነው የሚመከረው። ሽማግሌው የመጥረጊያ እንጨት አመጡ። አንዳችን ከኋላ፣ አንዳችን ከፊት ሆነን በጭንቅላቱ ጎን ያዝነው።

«እህስ?» አለ ምሶሶ ከሄልሜቱ ውስጥ፣ ፊት ለፊት እያየ።

ሄልሜቱ ከእንጨቱ በላይ አራት ጣት ወጥቷል።

እውነቱን እንናገር፤ ልንዋሽ ነበር። የአራት ዓመት ጥሪት ነው፣ ለራሱ የተመኛት የመጀመሪያ ነገር ናት። እንጨቱን ከኋላ በኩል ትንሽ ከፍ ማድረግ ብቻ ነበር የሚጠበቅብን። ከእኛ በቀር የሚያየው አልነበረም። ዝም ማለታችን ሲረዝምበት «ተናገሩ እንጂ!» አለ።

«ወንድሜ፣ አልሆነም» አልነው።

ወንበሩን ፈታንና ስስ ስፖንጅ ላይ አስቀመጥነው። አሁንም ሁለት ጣት። ወደ ፊት ተንሸራተተ፤ ጉልበቱ መሪው ሥር ተቀረቀረ። «ዝቅ ብዬ እነዳለሁ» አለ። ይሄን ጊዜ ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ላንተ አልሸጥልህም። ገንዘብህ ጥሩ ነው፤ ጭንቅላትህ ግን ውጭ ቀርቷል» አሉ።

በባቡሩ ስንመለስ ማንም አላወራም። ግማሽ መንገድ ላይ ምሶሶ ከመስኮቱ ሳይዞር እንዲህ አለን፦ «ዕድሜዬን ሙሉ ‹ታጠፍ› ነው የተባልኩት። ‹አትታጠፍ› ያለኝ ሰው ዛሬ ገና አገኘሁ።»

ተስፋ ቆርጧል ብላችሁ እንዳታስቡ። ኬተራም ኤስቪ የሚባል ሰፋ ያለ ዓይነት አለው፤ ከመደበኛው በ11 ሳንቲሜትር ይሰፋል፣ በርዝመትም ይበልጣል። ወለሉን ዝቅ ማስደረግም ይቻላል፤ ቁመት የሚገዛው እሱ ነው። ዋጋውም እንደዚያው ሰፋ ይላል! ምሶሶ እህቱ እስክትመረቅ እያጠራቀመ ነው። እኛም የመጥረጊያ እንጨታችንን አዘጋጅተን እንጠብቃለን።

እናንተም ትንሽ መኪና ካማራችሁ ቁጭ ብላችሁ ተለኩ፣ ጫማችሁን አድርጋችሁ ሂዱ፣ ሄልሜቱንም አትርሱ። እንጨቱን የሚይዝላችሁን ሰው ግን አስተውላችሁ ምረጡ።

ቸር ይግጠመን!