የካሙኩንጂ ሰባት ችግኞች

ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ ከሐበሻ ምግብ ቤቶች ተነሥቶ ወደ ካሙኩንጂ በእግር መውረድ ይቻላል። መንገድ ዳር «ጁዋ ካሊ» የሚባሉት ቆርቆሮ ቀጥቃጮች አዳሪ ተማሪዎች ልብስና መጽሐፍ የሚይዙበትን የብረት ሳጥን ይሠራሉ። መዶሻቸው ጆሮ ያደነቁራል። እኔ ግን የመጣሁት ሜዳውን ለማየት ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1977 ዋንጋሪ ማታይና የኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት አባላት ከኬንያታ የስብሰባ ማዕከል በሰልፍ መጥተው እዚህ ሰባት ችግኝ ተከሉ። ችግኞቹ ከተለያየ ሕዝብ ለወጡ ባለታሪኮች መታሰቢያ ነበሩ፤ አንዷ ባለታሪክ በ1913 የጊርያማን ሕዝብ በእንግሊዝ ላይ ያስነሡት መካቲሊሊ ዋ ሜንዛ ናቸው። ዋንጋሪን በ2004 ለኖቤል የሰላም ሽልማት ያበቃው የግሪን ቤልት ንቅናቄ የተጀመረው በዚህ ተከላ ነው። ከዛፎቹ መካከል ዋንዛና ዝግባ ይገኙ ነበር፤ ለእኛ አገር ሰው ሁለቱም የደጅ ዛፎች ናቸው። ከሰባቱ አብዛኞቹ ግን አልዘለቁም።

በማግስቱ ወደ ዌስትላንድስ ሄጄ የዋያኪ መንገድን ሙጉሞ አየሁ። ሙጉሞ የዋርካ ወገን ነው፤ የኪኩዩ ሽማግሌዎች ከሥሩ ይጸልዩና ይሠዉ ነበር። 100 ዓመት ገደማ የሚገመተው ይህ ዛፍ በ2020 ለፈጣን መንገድ ሥራ ሊነሣ ሲል ሰው ጮኸ፤ በወቅቱ ፕሬዚዳንት ትእዛዝ ተረፈ። መንገዱ የተሰየመላቸው ዋያኪ ዋ ሂንጋ በ1892 እንግሊዞች ይዘዋቸው ወደ ባሕሩ ጠረፍ ሲወስዷቸው ኪብዌዚ ላይ የሞቱ የኪኩዩ መሪ ናቸው። ዛፉ እሳቸውን አላያቸውም፤ ሆኖም ልጆች ከግንዱ ሥር ቆመው «ዋያኪ ማነው?» ብለው እንዲጠይቁ ያደርጋል።

የዋርካ ወገን ዛፍ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ሥር ይሰድዳል። ከዘር የበቀለ ችግኝ የዛፉ ልጅ ነው፤ ከቅርንጫፍ የበቀለው ግን ያው ዛፍ ራሱ ነው። ስለዚህ ታሪክ ያየ ዛፍ ሳይነቀል ትምህርት ቤት ግቢ ሊገባ ይችላል። የካሙኩንጂ ሐሳብ ደግሞ የሚያምረኝ በዚህ ነው፤ የየሕዝቡ ባለታሪክ ዛፍ በአንድ መደዳ ተተከለ እንጂ እያንዳንዱ በየመንደሩ አልታጠረም።

እኛ በየክረምቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኝ እንተክላለን። ስንት እንደተተከለ ይነገራል፤ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ የሚጠይቅ ግን የለም። ከጎንደር የፋሲል መዋኛ አጥር ላይ ሥሩን ከዘረጋው ዛፍ ለሐረርጌ ተማሪ፣ ከሐረርጌው የገዳ ጉባኤ ዛፍ ከኦዳ ቡልቱም ደግሞ ለጎንደር ተማሪ አንዳንድ ቅርንጫፍ ቢደርስ፣ ሁለቱም የሌላውን ታሪክ ውሃ እያጠጡ ይማሩታል። የባለቅርሶቹና የሽማግሌዎቹ ፈቃድ ከተገኘ፣ የሚቀረው በጋ ላይ ተራ ገብቶ የሚያጠጣ ክፍል መመደብ ነው።