አንድ ኢንች፣ ባለ አራት ሽቦ

ቃሊቲ አካባቢ በከባድ መኪና ጋራዦች መሀል ስታልፉ የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚጨመቅበት ቤት ካጋጠማችሁ ትንሽ ቆም በሉ። የኤክስካቫተር ቱቦ ፈንድቶበት የመጣው ሰው ሰዓቱን ያያል፤ ሥራ ቆሞበታል። ባለሙያው ቱቦውን ይቆርጣል፣ ጫፉ ላይ ፊቲንጉንና የብረት ቀለበቱን ያስገባል፣ መንጋጋዎቹ ዙሪያውን ገጥመው ይጨምቁታል፣ አለቀ። የእኔ ዓይን ግን ማሽኑ ላይ ይቀራል። ለዚህ ቱቦ አቅም አለው ወይ?

ግማሽ ኢንች ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ አያሳስብም፤ በ275 ባር የሚሠራ ቱቦ ነው፣ ደህና መጭመቂያ ሁሉ ይችለዋል። አንድ ኢንች ሆኖ አራት ድርብ ሽቦ ሲጠመጠምበት ግን ሌላ ነገር ነው። 4ኤስኤች የሚባለው በዚህ ልክ 380 ባር ይሸከማል፤ ቀለበቱ ወፍራም፣ ሽቦው ግትር ነው።

ሻጩ «እስከ ሁለት ኢንች ይጨምቃል» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ባለ ስንት ሽቦ እንደሆነ ግን አልነገራችሁም። የቶኑም ነገር እንደዚያው ነው። 200 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ፒስተን 300 ባር ሲያገኝ 60 ቶን ያህል ይገፋል። መንጋጋዎቹ በተዳፋት ላይ ተንሸራተው ወደ መሀል ሲጠጉ ያ ጉልበት ይበዛል፤ ሰበቃው ደግሞ ከላዩ ይበላል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የፒስተኑ ግፊት ይሁን የመንጋጋዎቹ ሳይጠይቁ ሁለት ማሽን በቶን ማወዳደር ከንቱ ነው።

የማምነው ካሊፐርን ነው። ጎበዝ ባለሙያ በቤቱ ካለው ቱቦ ግትሩን ይመርጣል። ከፊቲንጉ አምራች ሠንጠረዥ ላይ ቀለበቱ ሲጨመቅ የሚደርስበትን ልክ ያነባል፣ ማሽኑን በዚያ ይሞላል፣ ይጨምቃል። ከዚያ የቀለበቱን ወገብ፣ መንጋጋዎቹ ጥለውት ከሄዱት ሸንተረር መለስ ብሎ፣ ዙሪያውን እያዞረ ይለካል። አቅም ያጠረው ማሽን እዚህ ይጋለጣል፤ ፓምፑ ያቃስታል፣ የግፊት መለኪያው ጫፍ ይደርሳል፣ መንጋጋው ግን አይነቃነቅም። ወይም ቀለበቱ በአንድ ጫፍ ጠቦ በሌላው ሰፍቶ ይወጣል። ግማሽ ሚሊሜትር ትርፍ አይቶ «ይሁን» የሚል ሰው ያሳዝነኛል። ያቺ ግማሽ ሚሊሜትር ፊቲንጉን ከቱቦው አስፈንጥራ ልታወጣው ትችላለች።

ልኩ ከሰመረ በኋላም ሙከራ አለ። የተሠራው ቱቦ የሥራ ግፊቱ እጥፍ ይሰጠዋል፤ ቱቦው ራሱ ሲሠራ የመፈንጃው ልክ የሥራ ግፊቱ አራት እጥፍ እንዲሆን ታስቦ ነው። ሲሞከር ሰው ከጋሻ ጀርባ ይቁም። ላብ የመሰለች ጠብታ ብትታይ በእጅ አትዳሰስም፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። ሕመሙ መጀመሪያ እንደ መርፌ ውጊያ ቀላል ስለሚመስል ሰው ችላ ይለዋል፤ ግን አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት ነው፣ ጣትም እጅም ሊያስቆርጥ ይችላል።

መጭመቂያ ልትገዙ ከሆነ የራሳችሁን ወፍራም ቱቦ፣ ፊቲንግና ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ። ዓይናችሁ እያየ ይጨመቅ። ልኩ ላይ ካልደረሰ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ አትውሰዱት።