የአዶሌሳ ድሪቶ

ባለፈው እትም ላይ የካኩማን ሙቀት ሲረግም የዋለውን ወጣት ጸሐፊያችንን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። የሚለው እውነት ነው፤ ቆርቆሮው በቀትር እንጀራ ይጋግራል። ነገር ግን «ኬንያ ውስጥ ብርድ የሚባል ነገር የለም» ያለው ላይ ስደርስ ዝም ማለት አቃተኝ። አለ እንጂ! ከዚሁ ከኬንያ ምድር ጥርሴን እያፋጨች ያሳደረችኝ ከተማ አለች። ሞያሌ ትባላለች።

ዛሬ ሞያሌን የሚያውቃት ሰው በመኪና ያለፈባት ነው። ከኢሲዮሎ ጀምሮ አስፋልት ተነጥፎላታል፤ የሁለቱ መንግሥታት ሹሞች መንገደኛን በአንድነት የሚያስተናግዱበት የድንበር ጣቢያም ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመርቆላታል። እኔ የደረስሁባት ግን በእግሬ ነው። ዘመኑ 1983 ዓ.ም.፣ ወሩ ሰኔ፣ ደርግ ግንቦት 20 ቀን ወድቆ ሰው በዲላና በያቤሎ አድርጎ ወደ ደቡብ የጎረፈበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ አልተወለዳችሁም።

እኛ ደገኞች ክረምት ሲባል የምናውቀው ዝናብ ነው። ሞያሌ ዝናቧን የምታገኘው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ጥቂት ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ይጨመርላታል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ደመናው ይመጣል፣ ይከብዳል፣ ሰማዩን ሸፍኖ ይውላል፣ አንዲት ጠብታ ሳይጥል ይመሻል። ከቆላው ሽቅብ የሚመጣው ነፋስ ቀይ አፈር እያነሣ ሌሊቱን በሙሉ ይጮኻል። ቦረናዎች ይህን ወቅት አዶሌሳ ይሉታል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ስለዚህ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ከሜዳ ላይ ተነሥቶ በአንድ ሱሪና በአንድ ኮት ለደረሰ ሰው ግን ብርድ ብርድ ነው። ብርድ ልብስም ገና አልደረሰንም ነበር።

በከተማው ጫፍ አንዲት የጭቃ ቤት ውስጥ ስምንት ሰዎች ተጠጋን። ከመካከላችን እትዬ የምንላቸው አንዲት ሴት ነበሩ። ስማቸውን እንኳ የጠየቀ የለም፤ እትዬ ናቸው፣ በቃ። በሁለተኛው ቀን ማለዳ በሩ ላይ ቆመው ስምንታችንንም ከላይ እስከ ታች አዩንና «ያላችሁን ጨርቅ ሁሉ አምጡ፤ የተቀደደ፣ የነተበ፣ የማይለበስ፣ ሁሉንም» አሉ። የወታደር ካኪ ወጣ፤ ድንበር ላይ ማንም እንዳያየው ተገልብጦ የተለበሰ ነበር። የነጠላ ጥለት፣ ቀዳዳው ከጨርቁ የበዛ ሹራብ፣ ከገበያ የተለመነ የልባሽ ጨርቅ ቁራጭ፣ ባዶ የስንዴ ከረጢት።

እትዬ መርፌ ከመንካታቸው በፊት በርሜል ጥደው ሁሉንም ቀቀሉት። ለንጽሕና ብለው ብቻ አይደለም። በዚያ ዓመት ወታደሩ በየሜዳው ሲበተን ግርሻ አብሮት ይጓዝ ነበር፤ ግርሻን የምታመላልሰው የልብስ ቅማል ናት፤ እሷም የምትኖረው በስፌቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ነው። ቢያጥቧት አትሞትም፣ ብትቀቀል ግን ትሞታለች። «በሽታ አብሬ አልሰፋም» ይሉ ነበር እትዬ።

ከዚያ ድሪቶው ተጀመረ። ያለ ሥራ ተቀምጦ ዜና ከመጠበቅ የከፋ ነገር የለምና እኔም መርፌ ያዝሁ። አስተማሪ ነበርሁ፤ ጠመኔ እንጂ መርፌ ይዤ አላውቅም። ከቤቱ አባላት አንዱ «እናንተዬ፣ መምህሩ ሴት ሆነ» ብሎ ቀለደ። እትዬ ቀና ሳይሉ «የለበስከውን ሸማ የሸመነው ማን ነው? ወንድ። ሱሪህንስ የሰፋው? ወንድ። ከየት የመጣ ወንድነት ነው የያዘህ?» አሉት። በማግስቱ እሱም መርፌ ይዞ ነበር።

ድሪቶ ከሁሉ በፊት ስድብ ነው። «ድሪቶ ለባሽ» ማለት በአገራችን ከድህነትም በታች ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ የሰደብሁበት አለ፤ አሁን ስሙን አልጠራም፣ በሕይወት ካለ ይቅር ይበለኝ። አሠራሩን ሳየው ግን ጋቢ የሚያሞቀን በምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ የሚያሞቀው በእጥፎቹ መካከል የሚያዘው አየር ነው። ድሪቶም እንዲሁ ነው። የተተረተረው ከረጢት ከሥር ገበር ይሆናል። በላዩ የሹራቡና የነጠላው እራፊ እንደ ሣር ክዳን እየተደራረበ ይነጠፋል። ከላይ ጠንካራው ካኪ ይለብሳል። በመጀመሪያ በረዣዥሙ ሸለል ይደረግና በኋላ በትንንሹ፣ በጣት ልክ እየተራራቀ ይሰፋል።

ክሩ ከዚያው ከከረጢቱ ነው። የከረጢት አፍ የሚዘጋበትን የጥጥ ክር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትክክለኛውን ጫፍ ያገኘ ሰው አንድ ጊዜ ሲስበው ትርትር ብሎ ከዳር እስከ ዳር ይወጣለታል። የተሳሳተውን የያዘ እንደሆነ ይቋጠርበታል፣ ቢላዋም አያስለቅቀው። እትዬ ጫፉን ሳያዩ በጣታቸው ብቻ ያገኙት ነበር።

አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ስፌት የሚጀመረው ከመካከል ነው። ከዳር የጀመረ ጨርቁን እየገፋ መካከል ላይ ያብጥበታል፤ ከመካከል የጀመረ እያስተኛ ወደ ዳር ይወጣል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚመረጠው የመካከሉ ጨርቅ ነው። ለሰባቱ ሰዎች በየተራ ተሰፋ። ተራው የእኔ ሲደርስ «መካከልህ ምንድን ነው?» አሉኝ። «የለኝም» አልሁ። ዋሸሁ።

የታናሽ ወንድሜ ሸሚዝ ነበረኝ። ወንድሜ የብሔራዊ ውትድርና ልጅ ነበር። አብረን ሜጋ ስንደርስ ውኃ አገኘንና ሸሚዙን አጠበ። ገና ሳያሰጣው የጦር ጓደኛው በኋላ መቅረቱን ሰማ። «አድርቅልኝ፣ ነገ እደርስብሃለሁ» ብሎ እርጥቡን ሸሚዝ ትከሻዬ ላይ ጣለው፤ እሱ ኮቱን በባዶ ደረቱ ላይ ቆልፎ ወደ መጣንበት ተመለሰ። ሸሚዙ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረቀ። ሰማያዊ ነው፤ ሦስተኛው ቁልፍ እናታችን ከአሮጌ ካፖርት ቆርጣ የሰፋችለት ጥቁር ቁልፍ ነው።

ቀኑን ስሰፋ ብውልም ማለዳ ማለዳ እግሬ አያርፍም ነበር። ከቤቱ አባላት አንዱ የቀድሞ የባሕር ኃይል ሰው ነው። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ ከመያዟ በፊት እዚያ አገልግሏል። መርከበኛው እንለዋለን። ከእሱ ጋር ጎህ ሲቀድ ተነሥተን በፍየል መንገድ፣ በግራርና በእሾህ ቁጥቋጦ መካከል አድርገን ወደ አፋፉ እንወጣለን። መንገዱ ከአንድ ሰው በላይ አያስኬድም። ቀይ ኩይሳዎች እንደ ዘበኛ ቆመው ይጠብቁናል፤ አንዳንዴ እንሹ ከእግራችን ሥር ትፈተለካለች። ውኃ ቀጂ ሴቶች ከነአህዮቻቸው ሲመጡ ዳር ይዘን እናሳልፋቸዋለን።

አፋፉ ላይ ስንደርስ መርከበኛው ይቆማል። ከታች ያለው የኬንያ ሜዳ በዚያ ሰዓት ጭጋግ ሞልቶት አይታይም፤ ዳርቻ የሌለው ነጭ ነገር ነው። ኮረብታዎች አናታቸውን ብቻ ብቅ ያደርጋሉ። «ይኸው፣ ባሕር ሲነጋ እንዲህ ነው» ይለኛል። «ያቺ ዳህላክ ናት።» እኔ ባሕር አይቼ አላውቅምና አምነዋለሁ። የምጽዋ ዝናብ የሚወርደው በታኅሣሥና በጥር ነው፣ ደጋው በጋ ሲሆን እሷ ክረምት ናት ብሎ የነገረኝም እሱ ነው። እያንዳንዱ አገር ክረምቱን በየራሱ ወር ደብቆ መያዙ ገረመኝ። የተሳፈረባቸውን መርከቦች ስም እየጠራ በአፋፉ ላይ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት እንሄዳለን። ፀሐይ ስትሞቅ ባሕሩ ይደርቅና አቧራማው ሜዳ ይመጣል። ያኔ ዝም ይላል።

እኔ የምወጣው ግን ለባሕሩ አልነበረም። በስተሰሜን ዞር ሲሉ የኢትዮጵያው ሞያሌ ቤቶችና ከወዲያ የሚመጣው ሰው ይታያል። እቆጥር ነበር። መርከበኛው ያውቃል፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሣብኝም። እኔ ወደ ሰሜን ስዞር እሱ ወደ ደቡብ ዞሮ ባሕሩን ያያል።

በሐምሌ አጋማሽ ይመስለኛል፣ ከሩቅ አንድ ሰው አየሁ። ግራ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ይራመዳል፤ የወንድሜ አረማመድ ነው። ኮት ለብሷል። ጫማዬ እስኪበጠስ ቁልቁል ሮጥሁ። ደርሼ ፊቱን ሳይ ሌላ ሰው ነው። አፌን ከመክፈቴ በፊት እሱ ቀድሞ «ወንድሜ፣ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት በዚህ አላለፈችም?» አለኝ። ልጁ የስንት ወር እንደሆነ፣ ሚስቱ ምን ለብሳ እንደነበር ነገረኝ። እኔም ስለ ወንድሜ ነገርሁት። ሁለታችንም «አላየሁም» ተባብለን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠን ተለያየን።

ያን ዕለት ማታ አከራያችን ሻይ ይዘውልን መጡ። የቦረና ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ሻሸመኔ ስላደግሁ በኦሮምኛ እንግባባለን። ድሪቶዎቹን አገላብጠው አዩና «በጣሊያን ጊዜም የናንተ ሰዎች እንዲህ ሆነው መጥተው ነበር፤ እንዲያውም ከናንተ የባሰ ቡትቶ ለብሰው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ከጣሊያን የሸሹ ኢትዮጵያውያን በኢሲዮሎ፣ በኋላም በታቬታ ሰፍረው ነበር። ይህችው የኬንያዋ ሞያሌ ራሷ በሐምሌ 1932 ዓ.ም. በጣሊያን ጦር ተከባ እንግሊዞች በሌሊት ለቀዋት ወጥተዋል። እሱም በአዶሌሳ መሆኑ ነው። «ተመለሱ ወይ?» አልኋቸው፤ የጠየቅሁት ስለ እንግሊዞቹ አልነበረም። «የተመለሱ ተመለሱ» አሉ ሽማግሌው፤ ሻዩን ቀዱልኝ።

ሰዎቹ ሲተኙ ሸሚዙን አውጥቼ እትዬ ጭን ላይ አኖርሁት። ቁልፉን በጣታቸው ዳበሱ። የማን ነው አላሉኝም። መቀሱን ሲያነሡ ግን እጃቸውን ያዝሁ።

«አይቆረጥም፣ እትዬ።»

«ማን ይቆርጠዋል? ክሩን ልቆርጥ ነው እንጂ። ልቀቀኝ፣ ልጄ።»

ሸሚዙን እንዳለ፣ ሙሉውን፣ በከረጢቱ መካከል አስተኙት። ሁለቱን እጅጌዎች ደረቱ ላይ አጠፏቸው። ከዚያም ዙሪያውን በሌላ ዓይነት ስፌት ሰፉት፤ እንደ ሰንሰለት አንዱ አንዱን የሚይዝ፣ ያው የከረጢት አፍ ስፌት። ጫፉን ከአንገትጌው ሥር ደብቀው ጣቴን ይዘው አስነኩኝ። «ይቺ ናት። ሲመጣ ይቺን ስትስባት አንድም ቦታ ሳይቀደድ ሙሉ ሸሚዙ ይወጣልሃል። ሌላውን ጫፍ እንዳትነካ።» ከዚያ ውጭ ያለውን ካኪና እራፊ እኔ ራሴ ከመካከል ወደ ዳር ሰፋሁት፤ ነሐሴን ሙሉ ፈጀብኝ። ስፌቴ ያስቃል። ብርዱን ግን አላስገባም።

በኋላ ወደ ዋልዳ ተጫንን። ዋልዳ ቆላ ነው፤ እዚያ ድሪቶው ለብርድ ሳይሆን በድንኳኑ ላይ ለጥላ ዋለ። መርከበኛው ከዋልዳ ወደ ናይሮቢ ሄደ፤ እትዬ ወደ አገራቸው ተመለሱ ብለው ነግረውኛል። እኔ ወደ ካኩማ መጣሁ። ካኩማ በ1984 ዓ.ም. ስትከፈት ቀድመው የሰፈሩባት የሱዳን ልጆች ብዙዎቹ እስከ 1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መጠለያዎች የነበሩ ናቸው። እነሱም እንደኛው በዚያች ዓመት ከዚያው አገር የወጡ ናቸው፤ ሳገኛቸው አማርኛ የሚሞክሩ ነበሩባቸው።

ድሪቶው እስከ ዛሬ አለ። በዚህ ሙቀት የሚለብሰው የለም፤ ከፍራሼ ሥር ነው። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ቤት ስታጸዳልኝ አውጥታ «ጋሼ፣ ብርድ ልብስ መካከል ቁልፍ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱና የወጣቱ ጸሐፊያችን ስድብ ነው።

የሸሚዙ ዙሪያ ክር ግን ይበሰብሳል። በየጥቂት ዓመቱ በሐምሌ አሮጌውን አውጥቼ እትዬ እንዳሳዩኝ በአዲስ እሰፋዋለሁ። ዘንድሮ ክር አጣሁ። ራሽኑ ከሳሳ ወዲህ ከረጢቱም አንሷል፤ የሚገኘውም ክሩ ናይለን ነው፣ ያንሸራትታል፣ ጨርቁንም ይበላል። የጥጥ የከረጢት ክር ያላችሁ ሁለት ክንድ ያህል ይበቃኛል። በየትኛውም ጫፍ ጀምራችሁ አትሳቡት፤ ከነከረጢቱ አምጡልኝ፣ እኔ አወጣዋለሁ።