«በቃ» ማለትን መለማመድ

ክራቭ ማጋ ስንማር ከቡጢና ከእርግጫ በፊት የለመድነው አንድ ምልክት አለ፤ የጓደኛን ክንድ በመዳፍ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ ማድረግ። ትርጉሙ «በቃ፣ ልቀቀኝ» ነው።

ቀላል ይመስላል፤ ለእኛ ግን ከባድ ነው። «ቻለው»፣ «ሆድ ይፍጀው» ሲባል እየሰማን አድገናል። ከወላጆቻችንና ከአያቶቻችን ብዙዎቹ እስከ ሱዳን በእግራቸው የተጓዙት ችለው ነው። እኛም ክንዳችን ሲጠመዘዝ ጥርሳችንን ነክሰን ዝም እንላለን።

መገጣጠሚያ ግን ጀግንነት አያውቅም። ክርን ከልኩ በላይ ሲዘረጋ ጅማቱ ይጎዳል። በአንገት ግራና ቀኝ ያሉት የደም ሥሮች ሲታፈኑ ሰው በጥቂት ሰከንዶች ራሱን ሊስት ይችላል። ብዙዎቻችን ደግሞ ከትምህርት ጎን በፈረቃ እንሠራለን፤ ትከሻ ከወለቀ ደመወዝም ይቀራል።

ስለዚህ ተስማምተናል። ሕመሙ ሳይብስ ምልክት እንሰጣለን፤ እጅ ከተያዘ በአፍ «በቃ» እንላለን። የያዘው ወዲያው ይለቃል። የጥርስ መከላከያ ያላደረገ ወደ ግጥሚያ አይገባም። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት፣ ደህና ነኝ ቢልም፣ የዚያን ቀን ልምምድ አቁሞ ሐኪም ያየዋል።

አሁን ፍራሹ ላይ «ጎበዝ» የምንለው በጊዜ «በቃ» ያለውንና ሲባል ቶሎ የለቀቀውን ነው።