ደወሉ ውስጤ ገብቷል

ባለፈው ፋሲካ የአጎቴ የልጅ ልጅ ከምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ፈቃድ አግኝታ እኛ ቤት መጥታ ነበር። በበዓሉ ማግስት፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የሳሎኑ መብራት በራ። ወጥቼ ሳይ ለባብሳ፣ ፀጉሯን አስራ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላለች።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም ጋሼ። ሰርቪስ የሚመጣበት ሰዓት ስለሆነ ነው። አላርም ባልሞላም እነቃለሁ፤ ደወሉ ውስጤ ገብቷል።»

ይህን ደወል እኔ የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር እ.ኤ.አ. በ1854 የታተመውን የቻርልስ ዲከንስን «ሃርድ ታይምስ» ከተማሪዎቼ ጋር ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! ስለ ፋብሪካ ጭስ፣ ሰው እንደ ቁጥር ስለሚታይባት ከተማ ስናገር ስለ ሩቅ አገር የማወራ ይመስለኝ ነበር።

የእንግሊዝ ፈታይና ሸማኔ ድሮ የሚሠራው ቤቱ ነበር። ሪቻርድ አርክራይት እ.ኤ.አ. በ1771 ክሮምፎርድ ላይ በውኃ ኃይል የሚሠራ የጥጥ መፍተያ ካቆመ በኋላ ግን ሥራ ወደ ሰው ቤት መምጣቱ እየቀረ፣ ሰው ወደ ሥራ ይሄድ ጀመር። እንፋሎት ሲመጣ ደግሞ ፋብሪካው ከወንዝ ዳር ተላቆ ከተማ ገባ፤ እነማንቸስተር አበጡ። በፋብሪካ ከተሞች በረጅም ዘንግ መስኮት እያንኳኳ ሠራተኛ የሚቀሰቅስ ሰው በክፍያ ይያዝ ነበር።

አስተሳሰቡም አብሮ ተለወጠ። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ፣ 10 ሰዎች ሥራ ተከፋፍለው በቀን 48,000 ያህል ስፒል ሊሠሩ እንደሚችሉ አስልቶ አሳየ። ዕድሜ ልኩን አንድ ነገር ሲደጋግም የሚኖር ሰው አእምሮው እንደሚደነዝዝም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ጽፏል። ሰው የሚያስታውሰው ግን ስፒሉን ነው። ድሮ ገበያ የሚወጣው ጨርቁ ነበር፤ አሁን የሠራተኛው ሰዓትም ተሸጠ።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ አስረዳኋት። የመምህርነት አመል መች ይለቃል! ስለ ደቦና ወንፈል፣ ከፀሐይ ጋር ስለሚነሳው የኛ ሰዓት ሁሉ ጨመርኩበት። ቡናውን እየቆላች ሰማችኝና፣

«ጋሼ፣ እናቴ እኮ የምትነሳው ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች። ደቦ ሲኖርማ ይብስባታል፤ ጠላውም እንጀራውም የሷ ነው። የድካምሽ ነው ብሎ አንድ ብር የሰጣት የለም። እኔ ትንሽም ብትሆን የራሴ ደሞዝ አለችኝ» አለችኝ።

አፌን ያዝኩ።

ደሞዟ እውነትም ትንሽ ናት። አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተዋል፤ ካረፈደች ይቆረጥባታል። ከዚያችው ዕቁብ ጥላ ታናሽ ወንድሟን ታስተምራለች።

እንግሊዞችም ደወሉን አላጠፉትም። ሠራተኛው ጮኾ ጮኾ ግን መቆሚያ አበጁለት፤ እ.ኤ.አ. በ1847 የወጣው ሕግ የፋብሪካ ሴቶችና ወጣቶች የሥራ ቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ አደረገ። የኛም የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መደበኛውን ሥራ በቀን በ8፣ በሳምንት በ48 ሰዓት ወስኗል። መልካም ነው። ግን የዚያች የአንዲቷ ሰዓት ዋጋ የቤት ኪራይና ምሳ ካልቻለ፣ ልጅቷ ሰዓቷን ሸጠች ይባላል ወይስ ሰጠች?

ያን ያህል ዓመት ሳስተምር ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ፈተና ላይ አውጥቼው አላውቅም።